ከአሜን በፊት የደረሰው ጀልባ

አንድ ባለጀልባ ነበረ። የሚኖረው ሐይቅ ዳር ነው። የአገሩ ሰው ሁሉ ደንገል ከውኃ ዳር አጭዶ፣ በነዶ በነዶ አስሮ ታንኳ ሲሠራ፣ እሱ ግን ከተማ ወርዶ ከላሜራ የተበየደ ጀልባ አሠርቶ መጣ።

አንጓች ልጄ፣ ነገሩን ከዚህ የጀመርኩት ጥያቄሽን ረስቼው አይደለም። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ደብተርሽን ዘርግተሽ፣ «አጎቴ፣ አስተማሪያችን ያለው ነገር አልገባኝ አለ» አልሽኝ። «አንድ የሚሮጥ ነገር ድንጋይ መትቶ ቢቆምም፣ የገለባ ክምር ውስጥ ገብቶ ቢቆምም፣ ያጣው ሞመንተም እኩል ነው ይላል። እኩል ካጣ ታዲያ ድንጋዩ ለምን ይሰብረዋል? ገለባውስ ለምን አይሰብረውም?» አልሽ። እኔ ደግሞ የቄስ ትምህርት ቤት ገብቼ ከፊደል ብዙ ሳልርቅ እርሻ የጠራኝ ሰው ነኝ፤ ሞመንተም የሚባለውንም ያን ቀን ገና መስማቴ ነው። ማታ ጸሎቴን አድርሼ ጋደም ስል ግን አባቴ ይነግረን የነበረ ነገር ትዝ አለኝ። ለካ መልሱ እዚያ ውስጥ ኖሯል። እግዚአብሔር ይመስገን።

በዚያ ሐይቅ ላይ አንድ ደሴት አለ፤ በደሴቱም ላይ የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን። ወደ ደሴቱ የሚወጣው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን አሸዋ የለውም፣ ጭቃ የለውም፣ ግድግዳ የመሰለ ጥቁር ድንጋይ ነው። ከዚያ ድንጋይ ትንሽ ራቅ ብሎ ሌላ ቋጥኝ ከውኃው ብቅ ብሏል። እሱን የጸሎት ድንጋይ ይሉታል። ባለ ታንኳ ሁሉ እዚያ ሲደርስ መቅዘፊያውን ከውኃ ያወጣል፣ ከራሱ ላይ ያለውን ያወልቃል፣ አንድ አባታችን ሆይ ይላል። ታንኳው በራሱ ይሄዳል፤ እየሄደም እየደከመ፣ እየደከመ ይመጣል። «አሜን» ሲባል አፍንጫው ድንጋዩን ነካ ያደርጋል፤ ጥጃ የእናቱን ጎን እንደሚነካው። ይህን ማን እንደለካው አይታወቅም። አባቶች እንዲህ ሆኖ አገኙት፤ ልጆችም እንዲሁ ያዙት።

ባለ ላሜራው በዚህ ይስቅ ነበር። «ስንፍናቸውን ጸሎት ብለው ስም አወጡለት» ይላል። ክፉ ሰው ግን አልነበረም። አዲስ ነገር ይወዳል፤ ሰው እንዲያይለት ደግሞ ይበልጥ ይወዳል።

ከሁሉ አብዝቶ የሚተርበው አንድ ዝምተኛ ባለ ታንኳን ነበር።

«ሰማህ አንተ የሣር ጌታ» ይለዋል፣ «ዘንድሮ ይኼ ታንኳ ስንተኛህ ነው?»

«ሦስተኛዬ ነው፣ ጌታው።»

«የኔን እኮ የልጅ ልጄ ይወርሰዋል።»

«ዕድሜ ይስጥልህ። የኔ ሲያረጅ ደርቆ ውኃ ያፈላልኛል፤ ያንተ ሲያረጅ ምን ታደርገዋለህ?»

በዚህ ይለያያሉ፤ ማግሥቱንም እንደዚያው።

አሁን ደግሞ አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበረች። አንዲት ልጅ ብቻ ነበረቻት፤ እሷም ታማ ሞት አፋፍ ደረሰች። እናቲቱ ወደ ደሴቱ ፊቷን አዙራ፣ «ሚካኤል ሆይ፣ ልጄን ብታስተርፍልኝ ለሰኔው ንግሥህ አምስት ጋን በእጄ ሠርቼ፣ እኔው ራሴ ይዤልህ እመጣለሁ» ብላ ተሳለች። ልጅቱ ዳነች። ሴትዮዋ ከሚያዝያ ጀምራ አፈር ቆፈረች፣ ወቀጠች፣ አቦካች፣ ሠራች። ሦስቱ እሳት ላይ ፈነዱባት፤ እንደገና ሠራቻቸው። በግንቦት መጨረሻ አምስት ደህና ጋን ቆመላት። ከዚያ ወዲያ ዝናብ ገባ። እርጥብ መሬት ላይ ሸክላ አይተኮስምና፣ ከእነዚህ አንዱ ቢሰበር እስከ መስከረም ምትክ የለውም። የደሴቱም ጠላ በየቤቱ ተጠምቆ የሚገለበጥበትን ጋን እየጠበቀ ነው።

ወደ ባለ ታንኳው ሄደች። «አያ፣ አድርስልኝ» አለችው።

«አደርስልሽ ነበር፤ ታንኳዬ ግን ከሁለት ጋን በላይ አይችልም። ሦስት ጊዜ ልመላለስ ነው። ነገ ጠዋት ደግሞ የካህናቱን እህል አደርሳለሁ ብያለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ አለ። ለንግሡ አልደርስልሽም ብዬ ነው የምፈራው» አላት።

ይህን ባለ ላሜራው ሰማ። «አምስቱንም ባንድ ጊዜ እኔ እወስዳቸዋለሁ» አለ። «ለሚካኤል ነው፤ ምንም አልፈልግም።»

ሴትዮዋ ደስ አላት፤ ፈራችም። በማግሥቱ ጠዋት ጋኖቹን ሲጭኑ ከሥራቸው ገለባ ልታነጥፍ ብትል ከለከላት። «ትናንት ነው ሰማያዊ ቀለም ያስቀባሁት፤ ገለባ አላስገባም» አላት። ጋኖቹ ባዶው ላሜራ ላይ ጎን ለጎን ቆሙ። ነጠላዋን አውልቃ በመሀላቸው ወሸቀችው።

«የጸሎቱ ድንጋይ ጋ ሲደርሱ ግን ቀዘፋውን ያቆማሉ አይደል፣ ጌታዬ?» አለችው።

«እኔስ ክርስቲያን አይደለሁም እንዴ?» አላት። «ስላንቺ ስል ዛሬ አቆማለሁ።»

አራት ሰው እየቀዘፈ ሄዱ። ጀልባው እውነትም ግሩም ጀልባ ነበር። ውኃውን እንደ ቢላ ይሰነጥቀዋል። ባለቤቱ ከኋላ ቆሞ፣ «አያችሁ? የሣሩ ጌታ ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን» ይላል፤ ቀዛፊዎቹም እሱን ደስ ለማሰኘት ይበልጥ ይጎትታሉ። እንዲህ እየበረሩ የጸሎቱ ድንጋይ ጋ ደረሱ። ሰውየው ቃሉን ጠበቀ። መቅዘፊያዎቹን አስወጣ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አባታችን ሆይ ማለት ጀመረ። ሁሉም አብረውት አሉ።

ጀልባው ግን አልደከመም። ደንገል ቢሆን ውኃው በየነዶው ይገባበትና ይይዘው ነበር፤ ላሜራውን ግን የሚይዘው የለም። ክብደቱ ደግሞ ሌላ ነው፤ አምስት ጋን፣ ስድስት ሰው፣ ያ ሁሉ ብረት። ያን ይዞ ዝም ብሎ ይሄዳል።

አንደኛው ቀዛፊ አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«ጌታው፣ ድንጋዩ» አለ።

«ዝም በል፣ ጸሎት ላይ ነኝ።»

ትንሽ ቆይቶ ቀዛፊው ሁለተኛውንም ዓይኑን ገለጠ። «ጌታው፣ ድንጋዩ ግን እየጸለየ አይደለም፤ እየመጣ ነው» አለ።

ሰውየው የዕለት እንጀራችንን የሚለው ላይ ሲደርስ ዓይኑን ገልጦ አየ። ጥቁሩ ድንጋይ ፊት ለፊቱ ነው። ጸሎቱ ገና እኩሌታው ላይ ነው። «ወደ ኋላ ቅዘፉ» አለ። አራቱም መቅዘፊያቸውን ውኃ ውስጥ ተክለው ገፉ። ጀልባው ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ሽማግሌ ሰው እንደሚራመደው ያህል ሆነ፤ ግን አልቆመም። ሴትዮዋ አንዱን ጋን አቀፈች። አምስት ጋን በሁለት ክንድ አይታቀፍም፤ የቀሩትን በዓይኗ ብቻ ያዘቻቸው።

አፍንጫው ላይ የተቀመጠው ቀዛፊ፣ «ቀስ ብሎ እኮ ነው የሚሄደው፤ በእግሬ አቆመዋለሁ» ብሎ እግሩን ወደ ድንጋዩ ዘረጋ።

ያ ዝምተኛ ባለ ታንኳ የካህናቱን እህል አራግፎ ድንጋዩ ላይ ቆሞ ነበር። ይህን ሲያይ ዝምታው ጠፋ። «እግርህን አስገባ፤ ዝግታውን አትይ፣ ክብደቱን እይ» አለው በትልቅ ድምፅ። ቀዛፊው እግሩን ሰበሰበ። ባለ ታንኳውም የራሱን ታንኳ ፈታ፤ ከተሠራ ሦስት ሳምንት ያልሞላው፣ ለክረምቱ እንጀራው የሆነውን ታንኳ ፈታ። በመቅዘፊያውም ገፍቶ በጀልባውና በድንጋዩ መካከል አጋደመው።

ላሜራው መጥቶ ታንኳው ጎን ውስጥ ገባ።

አባቴ እዚህ ላይ ሲደርስ ይጠይቀን ነበር፤ «ምን የሚል ድምፅ የተሰማ ይመስላችኋል?» ይለናል። እኛ ጓ እንላለን፣ ድም እንላለን። እሱ ግን ራሱን ይነቀንቃል። የተሰማው ጉልበተኛ ሰው ትራስ ላይ ሲጋደም የሚሰማው ዓይነት ነው። አፍንጫው ደንገሉ ውስጥ ሰመጠ። ደንገሉ ተጨመቀ፣ ውኃውን ተፋ፤ ማሰሪያው አንድ በአንድ ተበጠሰ። ቀጥሎ ጀልባውና ታንኳው አንድ ላይ ሆነው ወደ ድንጋዩ ተንሸራተቱ። አሁን ግን ጀልባው ይዞት የመጣው ለሁለት ተከፍሏልና ቀድሞ ጀልባው ብቻውን ሲመጣ ከነበረበት ይበልጥ ዘገዩ። ታንኳው ድንጋዩን ነካ፤ በዚያም በኩል ተጨመቀ። ሁሉም ቆመ።

ጋኖቹ ወደፊት ዘመም አሉ፤ እርስ በርሳቸው ተሳሳሙ፤ ተመለሱ። ከአንዱ ከንፈር ላይ የጥፍር ያህል ስባሪ ወደቀች። ሌላ ምንም አልሆኑም።

ሴትዮዋ ጋኑን እንዳቀፈች፣ ሰውየው ካቆመበት አንሥታ በደላችንን ይቅር በለን የሚለውን ቀጠለች፤ እስከ አሜንም አደረሰችው። ሌሎቹም አሜን አሉ።

ከዚያ ጋኖቹን አወረዱ። ባለ ላሜራው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ጀልባውን አየ፤ ቀለሙ እንኳ አልተፋቀም። ታንኳውን አየ፤ ወገቡ ተቆርጦ ነዶው ውኃው ላይ ተበትኗል።

«ይህ ታንኳ ባይገባ ኖሮ ጀልባዬ ምን ይሆን ነበር?» አለ።

«ጀልባህማ ምንም አይሆንም ነበር» አለው ባለ ታንኳው። «ብረት ነው። የሚያልቀው ውስጡ ያለው ነበር።»

ሰውየው ጥቂት አሰበ። «እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም» አለ። «አንተ በምትቆምበት ቦታ ቆምኩ። አንተ የምትለውን ጸሎት አልኩ፤ እንዲያውም ካንተ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ለምን ያንተ ተሰማ፣ የኔ ሳይሰማ ቀረ?»

«ኧረ እግዚአብሔር ሰምቶሃል፣ ጌታው። ያልሰማህ ጀልባህ ነው» አለው ባለ ታንኳው። «የኔ ቀሊል ነው፤ ሲመጣም ቀስ ብሎ ነው፤ አንድ አባታችን ሆይ ይበቃዋል። ያንተ የኔን አሥር እጥፍ ይከብዳል፤ ሲመጣም እየበረረ ነው። ክብደቱንም ፍጥነቱንም ይዞ መጥቶ ያን ሁሉ በአንድ አባታችን ሆይ ልታስጥለው ትፈልጋለህ? አይችልም። ብዙ ለያዘ ብዙ ጊዜ ስጠው። ከሩቅ ጀምር፤ ጸሎተ ሃይማኖትን ጨምርበት።»

ያ ዓይኑን የገለጠው ቀዛፊ፣ «ለጌታውማ ሰዓታቱን ከነማኅሌቱ ነው መቆም ያለብን» አለ። ሁሉም ሳቁ፤ ባለ ላሜራውም ከነሱ ጋር ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ተነሥቶ የተበተኑትን ነዶዎች ከውኃው ይለቅም ጀመር።

ንግሡ ደህና ዋለ። ሕዝቡ ከአምስቱም ጋን ጠጣ፤ ሴትዮዋም ከነልጇ ዳር ላይ ቆማ ጠጪውን ስታይ ዋለች። በማግሥቱ ባለ ላሜራው አራቱን ቀዛፊዎች ይዞ ውኃ ዳር ወረደ፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ደንገል አጨደ። አጨዳ አያውቅም ነበርና እጁ ተልጦ ሳቁበት። ከታጨደው ለባለ ታንኳው አዲስ ታንኳ ታሰረ። ከተረፈውም አንድ ወፍራም ነዶ ጠቅልለው ላሜራው አፍንጫ ላይ አሰሩለት፤ ያ ሰማያዊ ቀለም ተሸፈነ፤ ሰውየውም ምንም አላለ። ከዚያ ወዲያ ጸሎቱን የሚጀምረው የደሴቱ ድንጋይ ገና እንደ ነጥብ ሲታየው ነው ይላሉ። በልጅነቱ ተምሮ የረሳውን ጸሎት ሁሉ እንደገና ማወቅ ግድ ሆነበት።

እንግዲህ አንጓች፣ ወደ አንቺ ደብተር ልምጣ። ጀልባው ይዞት የመጣው፣ ክብደቱና ፍጥነቱ አንድ ላይ፣ አስተማሪሽ ሞመንተም የሚለው ነው። ባለ ታንኳው ቀዛፊውን «እግርህን አስገባ» ያለው ለዚህ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚመጣም ነገር ከባድ ከሆነ የያዘው ብዙ ነው። ጀልባውና ታንኳው ውኃው ላይ ሲገናኙ ያ የያዘው አልጠፋም፤ ለሁለት ተካፈሉት፤ ስለተካፈሉትም ዘገዩ። ደብተርሽ ላይ ግጭት የሚለው ምዕራፍ ይህን የሚል ይመስለኛል፤ ካልሆነ አርሚኝ።

አስተማሪሽ እውነቱን ነው። ጀልባው ድንጋዩን መትቶ ቢቆምም፣ ደንገሉ ውስጥ ገብቶ ቢቆምም፣ ለመቆም የያዘውን ሁሉ መጣል አለበት። ደንገሉ አንዲት ፍሬ አይምረውም። ድንጋዩ ግን «ሁሉንም አሁን ጣል» ይላል፤ በዓይን ጥቅሻ። ያን ሁሉ በጥቅሻ የሚያስጥል ኃይል ደግሞ ጋንም ይሰብራል፣ የሰው እግርም ይሰብራል። ደንገሉ «ቀስ እያልክ ጣል» ይላል። ጊዜው ሲረዝም ኃይሉ ያንሳል። የድንጋዩን ኃይል በድንጋዩ ጊዜ ብታባዢ፣ የደንገሉንም ኃይል በደንገሉ ጊዜ ብታባዢ፣ ያው አንድ ነው የሚመጣልሽ። ኢምፐልስ ብለሽ ያሳየሽኝ እሱ መሰለኝ።

አንቺ የጠየቅሽኝ የገለባ ክምር እንግዲህ ያ ታንኳ ነው። ገለባውም ድንጋዩም የሚቀበሉት እኩል ነው፣ ልጄ። ድንጋዩ ጊዜ አይሰጥም፤ ገለባው ይሰጣል። የሚሰበረውና የሚተርፈው የሚለየው በዚያች ጊዜ ውስጥ ነው።